አረጋውያንን በቤታቸው ስለ መጠየቅ

አንባቢ ሆይ፤ ይህች ትንሽ ትምህርት የተጻፈችው እጅግ ቅርብ ስለ ሆነ ነገር ነው፤ ከቅርብነቱም የተነሣ ብዙ ጊዜ ከዐይናችን ይሰወራል። የምንናገረው በመንገድ ዳር ወድቆ ስለሚለምን ሽማግሌ አይደለም። እርሱን የሚያልፍ ሁሉ ቢያንስ ያየዋል፤ በአዲስ አበባም እንደ መቄዶንያ ያሉ መርጃ ቤቶች ከወደቀበት አንሥተው ይቀበሉታል። እኛ የምንናገረው በራሳቸው ቤት ስለሚኖሩ፣ ጣራ ስላላቸው፣ እንጀራም ስለማይጎድላቸው፣ ነገር ግን ከማለዳ እስከ ማታ የሰው ድምፅ ሳይሰሙ ስለሚውሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነው። በራቸው የተዘጋ ስለ ሆነ ችግራቸውን የሚያይ የለም፤ እነርሱም ችግራቸውን ለመናገር ያፍራሉ፤ ሰው ናፈቀኝ ብሎ መለመን ዳቦ ከመለመን ይልቅ ከባድ ነውና።

እንግዲህ ልናስተምረው የምንወደው አንድ ነገር ይህ ነው፤ በቤቱ ለሚኖር ሽማግሌ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በገንዘብ ሊገዛ፣ በመልእክተኛም ሊላክ የማይቻል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቀን ቆርጦ የሚመጣ፣ መጥቶም አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። ይህ ስጦታ ለሕያው እንጂ ለሙት ሊሰጥ ስለማይቻል ለነገ ሊያሳድሩት አይገባም።

1ኛ፤ ብቸኝነት በከተማ እንዴት እንደ በዛ

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ሽማግሌ ብቻውን ለመሆን ቢወድ እንኳ በቀላሉ አይሆንለትም ነበር። ልጅ ከልጅ ልጅ ጋራ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይገባል፤ የተጣሉ ሰዎች ለዕርቅ ይፈልጉታል። በቋንቋችን ሽማግሌ የሚለው ቃል የዕድሜ ስም ብቻ ሳይሆን የሥራም ስም ነው፤ አስታራቂ ማለት ነውና። ስለዚህ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ሥራው አያልቅም ነበር፤ ከእርሻ ወደ ምክር ይዛወር ነበር እንጂ። ይህን ስንል በዚያ ዘመን የተረሳ ሽማግሌ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን የኑሮው አሠራር ራሱ ሰውን ወደ ሰው ያመጣ ነበር።

ዛሬ በከተማ የኑሮው አሠራር ተለውጧል። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ዓረብ አገሮች ሄደዋል፤ በአገር የቀሩትም ማለዳ በታክሲ ተሳፍረው ሲመሽ ይመለሳሉ። የድሮው ሰፈር ሲፈርስ አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤቶች በከተማው ዳር ሁሉ ተበታትነዋል። ኮንዶሚኒየም የተባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ሰው መጠለያ ሆነዋል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ሆነው ሊፍት የላቸውም። ጉልበቱ የደከመ ሰው ዕጣው በአራተኛው ፎቅ ሲወጣለት፣ ደረጃው እንደ ተራራ ሆኖ ከደጁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከወዳጆቹ ይለየዋል።

በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እናስብ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው በዱባይ ሆና በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ ጤፉም በርበሬውም በቤት አለ። በመጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ቡና ያፈላሉ፤ ሲኒውንም ይደረድራሉ፤ የሚጠሩት ጎረቤት ግን ሥራ ሄዷል። ቡና ደግሞ በእኛ ዘንድ ለብቻ የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ከማን ጋራ ይጠብቁት? ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ ጀበናው ከመደርደሪያው አይወርድም። ከቡናው ጋራ ቁርሱ ይቀራል፤ ከቁርሱም ጋራ ጠጉር መሠራትና ነጠላ ማጠብ ይቀራል፤ ለማን ብዬ? ይላሉ። ልጃቸው በስልክ፣ እማዬ ምን ጎደለሽ? ብትላቸው፣ ምንም አልጎደለኝ ልጄ ብለው ይመልሳሉ። መልሳቸውም እውነት ነው፤ ከዕቃ ወገን የጎደለ ነገር የለምና። የጎደለውን ግን በስልክ ሊሉት አይችሉም፤ ልጃቸው በባዕድ አገር እንዳታለቅስባቸው ይፈራሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ያለ በር ከአንተ ቤት ምን ያህል ይርቃል?

2ኛ፤ ብቸኝነት በሥጋና በልቡና የሚያመጣው ጉዳት

አባቶቻችን ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብለው ተርተዋል። ይህ ተረት ለማጽናናት ብቻ የተነገረ እንዳይመስልህ፤ የዘመናችን ሐኪሞችም መርምረው ወደዚሁ ነገር ደርሰዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ጁሊያን ሆልት ላንስታድ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ 148 ጥናቶችን ሰብስበው ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችን ነገር መረመሩ። ከዘመድና ከወዳጅ ጋራ ጽኑ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች፣ ግንኙነታቸው ከደከመው ሰዎች ይልቅ በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 ከመቶ በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 ባወጣው ጽሑፍ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር አስታውቋል። ይህም ሁሉ ጠያቂ ያለው ሰው አይሞትም ማለት አይደለም፤ ብቸኝነት እንደ ረኃብና እንደ ብርድ ሁሉ ሰውነትን የሚጎዳ ነገር መሆኑን ያስረዳል እንጂ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማስተዋል አያስቸግርም። ብቻውን የሚበላ ሰው ጥቂት ይበላል፤ ኋላም መብላት ይሰለቸዋል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ፣ ወሰዱ ወይ? ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ ይረሳዋል፤ ወይም ወስዶ ሳለ ደግሞ ይወስደዋል። በመታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ የወደቀ ሰው የሚያነሣው ሲያጣ ሌሊቱን ሁሉ በቀዝቃዛ ወለል ላይ ያድራል፤ በመውደቁ ካገኘው ስብራት ይልቅም ወድቆ መቆየቱ ይጎዳዋል። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ፣ ሰዎች እየጮኹ ሲናገሩት ስለሚያፍር ቀስ በቀስ ከጨዋታ ይርቃል፤ ከጨዋታ ሲርቅም አእምሮው ሥራ ይፈታል። የመስማት ድካምና ከሰው መለየት፣ ሁለቱም የመርሳት በሽታን ከሚያቀርቡ ነገሮች እንደ ተቈጠሩ ሐኪሞች ይናገራሉ።

ስለ ዐይንም አንድ ነገር እንጨምር። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የዐይን ጤና ጥናት፣ ከታወሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የታወሩት በዐይን ሞራ እንደ ሆነ ታውቋል። የዐይን ሞራ ግን በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው። ሽማግሌው ብቻውን ሲሆን፣ እርጅና ነው ምን ይደረግ ብሎ በጨለማ ይቀመጣል። የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ግን፣ ቡናው ከሲኒው ውጭ ሲፈስ ያያል፤ ነገሩንም ያስተውላል፤ እጁንም ይዞ ወደ ሐኪም ያደርሰዋል። ከዚህም የምንማረው፣ አብሮ መቀመጥ ማለት ጊዜ ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን ለሌላው ሰው ዐይንና ጆሮ መሆን ነው።

3ኛ፤ ከአንድ ባለጠጋ አገር የምናገኘው ማስጠንቀቂያ

ምናልባት፣ አገር ሲበለጽግ ይህ ችግር ይቀራል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እርሱ የፈረንሳይን አገር ነገር ይመልከት። በዚያ አገር ለሽማግሌ ጡረታ አለው፤ ሐኪምም መድኃኒትም አለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በነሐሴ ወር ግን ጽኑ ሙቀት በአገሩ ላይ ወደቀ። ወሩ የዕረፍት ወር ነበረና ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ገጠር ሄዶ ነበር። በዚያ ሙቀት ምክንያት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ብዙዎቹም ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እነዚህን ሰዎች ለማዳን ውድ መድኃኒት አላስፈለገም ነበር፤ መስኮት የሚዘጋ፣ ውኃ አቅርቦ ይጠጡ የሚል፣ እርጥብ ጨርቅ የሚያለብስ፣ ሲደክሙም ሐኪም የሚጠራ ሰው ለብዙዎች በበቃ ነበር።

በፓሪስ ከሞቱት መካከል ዘመድ መጥቶ ያልወሰዳቸው 57 ሰዎች ቀሩ። በመስከረም ወር በ3ኛው ቀን ቲዬ በተባለው መካነ መቃብር ተቀበሩ፤ የአገሩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክም በቀብሩ ተገኙ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር ልብ በል። ለቀብራቸው የአገር መሪ መጣ፤ በታመሙበት ሌሊት ግን አንድ ጎረቤት እንኳ አልመጣም።

ይህን የምንናገረው በዚያ አገር ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ከእነርሱም መካከል ይህን ችግር ቀድሞ ያየ ሰው ነበርና። አርማን ማርኪዜ የተባሉ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946፣ የድሆች ታናናሽ ወንድሞች የሚባለውን ማኅበር በፓሪስ መሠረቱ። ሥራቸው በጦርነቱ ደህይተው በየሰገነቱ ብቻቸውን ለቀሩ ሽማግሌዎች ምግብ ይዞ እስከ ቤታቸው መሄድ ነበር። ነገር ግን ከምግቡ ጋራ አበባ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ የማኅበሩም መመሪያ አበባ ከዳቦ ይቅደም የሚል ሆነ። በተራበ ሰው ፊት አበባ ምን ያደርጋል? የሚል ሰው ይኖራል። ትርጓሜው ግን ግልጽ ነው፤ ዳቦ ለሆድ ይሰጣል፤ አበባ ግን ለተከበረ ሰው ይሰጣል። ሽማግሌው የሚመገብ ሆድ ብቻ ሳይሆን የሚከበር ሰው መሆኑን ማኅበሩ በዚህ አስታወቀ። የእኛ አገር አበባ ደግሞ ቡናው፣ ቄጠማውና መልካሙ ሰላምታ ነው።

4ኛ፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት የምንማረው

ወላጆችን ማክበር ከአሥሩ ትእዛዛት አንዱ እንደ ሆነ ሁላችን ከሕፃንነታችን ጀምረን ተምረናል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ባልቴቶችንና ድኻ አደጎችን መጠየቅ የንጹሕ አምልኮ ክፍል እንደ ሆነ ያስተምራል። ልንመለከተው የሚገባን ሌላ ቦታ ግን የጳውሎስ ሁለተኛ መልእክት ወደ ጢሞቴዎስ፣ አራተኛው ምዕራፍ ነው። በዚያ ሐዋርያው የሕይወቱ ፍጻሜ እንደ ቀረበ ያውቃል። ታላቅ መምህር ነው፤ እምነቱም አልደከመም፤ ቢሆንም ወዳጁ ጢሞቴዎስ ቶሎ እንዲመጣለት ይለምናል። ማን እንደ ሄደበት ይናገራል፤ ከእርሱ ጋራ የቀረው ሉቃስ ብቻ እንደ ሆነም ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ያዝዛል፤ በመጨረሻም ከክረምት በፊት እንዲደርስለት ይለምነዋል።

የልመናውን ቅደም ተከተል አስተውል። አስቀድሞ የጠየቀው ሰውን ነው፤ ልብስና መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ነው። በርኖሱን ሌላ መንገደኛ ሊያመጣለት ይችል ነበር፤ የጢሞቴዎስን ፊት ግን ከጢሞቴዎስ በቀር ማንም ሊያመጣው አይችልም። እንግዲህ እንደ ጳውሎስ ያለ ብርቱ ሰው ጓደኛ ናፈቀኝ ለማለት ካላፈረ፣ የጎረቤታችን ሽማግሌ ሰው ቢናፍቁ ድካም ነው አንበል። ክረምትም ሳይገባ መድረስ እንደሚገባ እንወቅ።

ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ እንደ ሰጠ፣ ደቀ መዝሙሩም ወደ ቤቱ እንደ ወሰዳት በዮሐንስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በዚያ የተሰጠው አደራ ሰው ለሰው ነበር።

5ኛ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚቀርቡ ምክንያቶች

አንዱ፣ እኔ ገንዘብ እልካለሁ ይላል። መላክህ መልካም ነው፤ አታቋርጥም። ነገር ግን ገንዘብ ሽማግሌው እንዲኖር ያደርገዋል እንጂ ለምን እንደሚኖር አያስታውሰውም። በሩቅ አገር ብትሆን ሁለት ነገር ማድረግ ትችላለህ። አንደኛው፣ የምትደውልበትን ቀንና ሰዓት መቍረጥ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቁ እናት ከዚያ ቀን በፊት የሚነግሩህን ነገር ሲሰበስቡ ይሰነብታሉና። ሁለተኛው፣ ገንዘብ እንደምትልክ ወዳጅም መላክ ነው፤ በከተማው ያለ አንድ የድሮ ጓደኛህን፣ በየሳምንቱ ስለ እኔ እናቴን ጠይቅልኝ ብለህ ለምነው።

ሁለተኛው፣ ጊዜ የለኝም ይላል። ወዳጄ ሆይ፤ እስቲ ራስህን መርምር። የሰፈርህ ሽማግሌ የሞቱ ዕለት ሥራህን ትተህ ትቀብራለህ፤ በድንኳን ትቀመጣለህ፤ ማታም ለማስተዛዘን ትመለሳለህ። ይህ የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን ለሬሳቸው ሙሉ ቀን ያገኘህ ሰው፣ በሕይወታቸው ሳሉ በሳምንት አንድ ሰዓት እንዴት አጣህ? በድንኳኑ የሚነገረው ምስጋና ሁሉ በሕይወታቸው ቢነገራቸው በሰሙት ነበር።

ሦስተኛው፣ አንድ ወሬ ደጋግመው ያወራሉ፤ ይሰለቸኛል ይላል። ሰው ደጋግሞ የሚያወራው ብዙ ጊዜ ጉልበቱና ክብሩ ሙሉ ሆኖ ስለ ነበረበት ዘመን ነው። ወሬውን አትቍረጥ፤ ይልቁንም ገና ያልተጠየቁትን ጠይቃቸው፤ በዚያ ቀን አብሯችሁ የነበረው ማን ነው? መንገዱ በየት በኩል ነበር? በላቸው። አንድ ጥያቄ የታወቀውን ወሬ አዲስ ያደርገዋል። የመርሳቱ ነገር በድንገት ቢብስ ግን ሕመም ሊሆን ይችላልና፣ ዕድሜ ነው ብለህ ሳታቃልል ለቤተ ሰባቸው አስታውቅ።

አራተኛው፣ ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች፤ የእኔ መሄድ ምን ያደርጋል? ይላል። ሌሊትና ቀን እናቷን የምታስታምም ሴት ልጅ ራሷ ብቸኛ ሆናለች። ሁለት ሰዓት ብትቀመጥላት ገበያ ትወጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ወይም ትተኛለች። በአንድ ጕዞህ ሁለት ሰዎችን ጠየቅህ ማለት ነው።

6ኛ፤ ጠያቂ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

መልካም ነገር በመልካም አካሄድ ካልተሠራ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚከተለውን አስተውል።

1. ቀንና ሰዓት ቍረጥ፤ የቈረጥኸውንም ጠብቅ። ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ከሚቀር ሰው ይልቅ በወር አንድ ጊዜ ሳይሳሳት የሚመጣ ይሻላል። ለአንተ አንድ ቀጠሮ የሆነው ለእርሳቸው የሳምንቱ ምሰሶ ነው። የማትመጣ እንደ ሆነ አስቀድመህ ንገር።

2. በገባህ ጊዜ ለመውጣት አትቸኩል። ስልክህን ዝጋው፤ ደጋግሞ ሰዓት ማየት ከስድብ ይቈጠራል።

3. ፊትህ ብርሃን እንዲያገኝ ሆነህ ትይዩ ተቀመጥ፤ ቀስ ብለህ አጥርተህ ተናገር። ጆሮ የደከመበት ሰው ከጩኸት ይልቅ ከንፈርህን በማየት ይሰማልና።

4. በሚከበሩበት ስም ጥራቸው፤ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ እንደ ሰፈሩ ልማድ በላቸው። በሕፃን ቋንቋ አታናግራቸው። በፊታቸውም ሳሉ ስለ እርሳቸው ከሠራተኛቸው ጋራ፣ በልተዋል ወይ? እያልህ አታውራ፤ እርሳቸውን ጠይቅ።

5. የሚያቀርቡልህን ተቀበል። ሽማግሌ እንግዳ ተቀባይ መሆን ክብሩ ነው። አንተ ብቻ ሰጪ፣ እርሳቸው ብቻ ተቀባይ ቢሆኑ፣ ጕብኝትህ ምጽዋት ይሆንባቸዋል። ቡና አፍልተው ቢሰጡህ እስከ በረካው ቆይ።

6. ሥራ አብራችሁ ሥሩ። ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ የድሮ ፎቶግራፍ መደርደር፣ ገበጣ መጫወት ሁሉ መልካም ነው። ዐይናቸው የደከመ እንደ ሆነ ዳዊቱን ወይም ጋዜጣውን አንብብላቸው።

7. የሚቻል ሲሆን ከቤት አውጣቸው። ደረጃውን በክንድህ ደግፈህ፣ በየፎቁ እያሳረፍህ፣ የጠዋት ፀሐይ ወዳለበት አድርሳቸው። ወደ ድሮ ጎረቤታቸው ቤት ማድረስም ከብዙ ስጦታ ይበልጣል።

8. ያለ ፈቃዳቸው አትዘዝ። ቤታቸው ቤታቸው ነው፤ የዕቃውን ቦታ አትለውጥ፤ አሳብ ስጥ እንጂ አትፍረድ።

9. ከገንዘባቸውና ከውርሳቸው ነገር እጅህን ሰብስብ። የባንክ ደብተር፣ ውክልና ወይም ኑዛዜ ያዝልኝ ቢሉህ ልጆቻቸውን ወይም ታማኝ ሽማግሎችን ጥራ። ከቤት የሰማኸውን ምሥጢር ወደ ውጭ አታውጣ። ብቸኛን ሰው ወዳጅ መስሎ የሚዘርፍ ክፉ ሰው አለና፣ አካሄድህ ሁሉ በብርሃን ይሁን።

10. ተመልከት። ምግቡ ሳይበላ ቢያድር፣ መድኃኒቱ ሳይጎድል ቢሰነብት፣ ልብሳቸው ቢሰፋ፣ አካሄዳቸው ቢለወጥ ለቤተ ሰብ ወይም ለሐኪም ንገር።

በቤት የምታገለግል ሠራተኛ ካለችም አትናቃት፤ ከሰው ሁሉ ይልቅ አብራ የምትቆየው እርሷ ናት። ሰላምታህና ምስጋናህ ለእርሷም ይድረስ፤ የተከበረች ሠራተኛ ሽማግሌውን ታከብራለችና።

7ኛ፤ ስለ እድርና ስለ ተማሪዎች

በአገራችን ከተሞች እድር የሌለበት ሰፈር አይገኝም ማለት ይቻላል። መዝገብ አለው፤ ዳኛ አለው፤ አባሎቹን በስማቸው ያውቃል፤ የቀረውንም ይቀጣል። ሞት ሲመጣ በአንድ ሌሊት ድንኳን ይተክላል። እንዲህ ያለ የተሰናዳ ማኅበር ለሕያዋንም ቢሠራ ምን ያህል በጎ ነገር በሆነ! አንዳንድ እድሮች ይህን አስተውለው አረጋውያንን በሕይወታቸው ሳሉ መርዳት ጀምረዋል። ሌሎችም መዝገባቸውን ገልጠው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች እነማን እንደ ሆኑ ቢጽፉ፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ጠያቂ ቢመድቡ፣ አዲስ ገንዘብ ሳያስፈልግ ታላቅ ሥራ ይሠራል። የጽዋና የሰንበቴ ማኅበርም እንዲሁ ተራውን አንዳንድ ጊዜ ደረጃ መውረድ በማይችለው አባል ቤት ሊያደርግ ይችላል።

ተማሪ ሆይ፤ አንተም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለህም። ከወላጆችህ ርቀህ በከተማ የምትማር ከሆንህ፣ አያት የናፈቀህ አንተ ነህ፤ የልጅ ልጅ የናፈቃቸውም በአጠገብህ አሉ። በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር በእነርሱ ዘንድ ይገኛል፤ ስለ ሰፈሩ አመሠራረት፣ ስለ ድሮው ሠርግና ልቅሶ፣ ስለ መድኃኒት ቅጠሉ፣ ስለ ክፉው ቀንም እነርሱ ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ካልተጠየቀ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ስትወጣም ጐንበስ ብለህ ምርቃት ተቀበል። ሽማግሌ ከሁሉ በኋላ የሚቀርለት ሀብት ምርቃቱ ነው፤ የሚመርቀውን ያጣ ሽማግሌ ሀብቱን የሚሰጠው ወራሽ እንዳጣ ባለጠጋ ነው።

ደግሞም አስብ፤ ዕድሜ ቢሰጥህ አንተም በዚያ ወንበር ትቀመጣለህ። ልጆችህ የሚማሩት ከምክርህ ይልቅ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ በማየት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ አንብበህ መልካም ተናግሯል ብለህ ብቻ አትጠፈው። አንድ ስም አስብ፤ አንድ ቀን ቍረጥ፤ በዚያም ቀን በሩን አንኳኳ። ምን እንደምትል ባታውቅ፣ እንዴት ሰነበቱ? በልና ተቀመጥ፤ የቀረውን እርሳቸው ይነግሩሃል።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምትኖርበት ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ወይም ባልቴቶችን በስማቸው ልትጠራ ትችላለህን?

2. ገንዘብ የሚሰጠውና አብሮ መቀመጥ የሚሰጠው ነገር በምን ይለያያሉ?

3. ጳውሎስ ከበርኖሱ አስቀድሞ ጢሞቴዎስን ስለ ምን ፈለገ?

4. በ2003 በፈረንሳይ ከሆነው ነገር ለከተማችን የሚጠቅም ምን ትምህርት ታገኛለህ?

5. እድርህ ለሙታን የሚያደርገውን ያህል ለሕያዋን እንዲያደርግ ምን ብለህ ታሳስባለህ?

6. ከዚህ ሳምንት ቀኖች የትኛውን ቀን ቈረጥህ?